«መርዙ እየወጣ ነው» ወይስ ራበዎት?

ጥያቄ፦ «የ43 ዓመት ሴት ነኝ። ክብደቴ 68 ኪሎ ነበር። ለደም ግፊት በየቀኑ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ለ30 ቀን ፋብሪካ ያልነካው ምግብ ብቻ ልንበላ ወሰንን። ስኳር፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ጥራጥሬ፣ ወተት፣ ቡና፣ የታሸገ ነገር ሁሉ ክልክል ነው። የገበታ ጨዉንም በሮዝ ጨው ለወጥኩት። ጠዋት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ምሳ ዘይት የሌለው ሰላጣ ከዶሮ ጋር፣ ማታ የተቀቀለ አትክልት፣ መሀል ላይ አንድ ፖም እበላለሁ። ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሴን ሲፈልጠኝ ከረመ። አሁን ደግሞ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ያዞረኛል፣ ሆዴ ከደረቀ 4 ቀኑ ነው፣ ይበርደኛል፣ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ፣ ሌሊት የማልመው ዳቦ ነው። 3 ኪሎ ቀንሻለሁ። ጓደኛዬ የስኳር ሕመም ስላለባት ግሊቤንክላሚድ ትወስዳለች። እሷም እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባታል። ‹መርዙ እየወጣ ነው፣ ቻይው› ትለኛለች። ዳቦ ስበላ ለዓመታት ሆዴ ይነፋ ስለነበር በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ጠላቴ ነው ብዬ አስባለሁ። ልቀጥል ወይስ ላቁም? አንድ ቀን ከተሳሳትኩ እንደገና ከ1ኛው ቀን መጀመር አለብኝ የሚባለውስ እውነት ነው?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ከእርስዎ በፊት ስለ ጓደኛዎ እንናገር፤ የእሷ ነገር ለነገ የሚያድር አይደለም። ግሊቤንክላሚድ ሰው በላም አልበላም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ነው። መጠኑ የተወሰነላት ዳቦና ሩዝ በምትበላበት ጊዜ ነው። ምግቡ በአንድ ቀን ተቆርጦ መድኃኒቱ እንደነበረ ከቀጠለ የደም ስኳር ይወርዳል። የእጅ መንቀጥቀጥና ላብ ደግሞ የስኳር መውረድ የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ በታየባት ሰዓት ትለካ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ የፍራፍሬ ጭማቂ ወይም በውኃ የተበጠበጠ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ትጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ትለካ፣ ካልወጣ ትድገመው፣ ከወጣ በኋላ ደህና ምግብ ትብላ። መለኪያ አጠገቧ ከሌለ ሳትለካም ቢሆን ትጠጣ። ይህ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ «አንዴ ጠጣሁ፣ ተሻለኝ» ተብሎ አይታለፍም። ግራ ከተጋባች ወይም ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም ሳይሰጧት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ዛሬውኑ ለሐኪሟ ትደውል፤ የመድኃኒቷ መጠን እስኪታይ ድረስም ወደ ቀድሞ አመጋገቧ ትመለስ።

አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ። ሲነሱ የሚያዞረዎት ነገር ሦስት ምክንያት በአንድ ጊዜ የተገናኘበት ይመስላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚሠራው ጨውና ውኃ በሽንት እንዲወጣ በማድረግ ነው። እህልና ጥራጥሬ በብዛት ሲቀር የኢንሱሊን መጠን ይወርድና ኩላሊት በራሱ ተጨማሪ ጨው ያስወጣል። በዚህ ላይ ከዳቦና ከታሸገ ምግብ ያገኙት የነበረው ጨው ቀርቷል። ግፊቱ ቀድሞ በመድኃኒት ወርዶ ሳለ እነዚህ ሲደረቡበት ሰው ቢወድቅ አይገርምም። ስለዚህ ነገ ጠዋት 5 ደቂቃ ጋደም ብለው ግፊትዎን ይለኩ፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይድገሙት። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ቁጥሮቹን ጽፈው መድኃኒቱን ላዘዘልዎ ሐኪም ይንገሩ። ኪኒኑን በራስዎ አያቁሙ፣ አይክፈሉትም። ይህ መድኃኒት ሶዲየምና ፖታሲየምንም ስለሚያወርድ የደም ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። ልብዎ ዝብርቅርቅ ብሎ ከመታ፣ ጡንቻዎ ከዛለ ወይም ራስዎን ከሳቱ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

ስለ «መርዙ» ግልጹን እንነጋገር። የሰውነትን ቆሻሻ የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ትናንትም፣ ዳቦ በበሉበት ቀንም፣ ሥራቸውን አላቆሙም። ምግብ ስለተቆረጠ ተጠራቅሞ ቆይቶ በ9ኛው ቀን እያዞረ የሚወጣ መርዝ የለም። ይህ አባባል የሚጎዳው ሐሰት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ የነበረውን ምልክት የስኬት ምልክት ያደርገዋል። ጓደኛዎ እየተንቀጠቀጠች የምትደሰተው በዚህ ምክንያት ነው። የዘረዘሩት ሕመም እያንዳንዱ የራሱ ስም ያለው ምክንያት አለው።

ራስ ምታቱ የቡናው ነው። ካፌይን የለመደ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ሕመሙ በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ይጀምራል፣ በ2ኛው ቀን አካባቢ ይከፋል፣ ቢበዛ በ9 ቀን ይለቃል። ቡናን መተው ከፈለጉ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ አንድ ሲኒ እየቀነሱ ቢያቆሙ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ያለ ስኳር የሚጠጣ አንድ ሁለት ሲኒ ቡና በክልክሉ ዝርዝር ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይገባንም። ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ያርቁት እንጂ፤ ቡናና ሻይ ከአትክልትና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይከለክላሉ።

ብርዱ፣ ቁጣውና የዳቦው ሕልም ግን ረሃብ ነው። የላኩልንን የቀን ምግብ መጠኑን ገምተን እንደምር፦ ሁለት እንቁላል 145 ኪሎካሎሪ ያህል፣ 120 ግራም የዶሮ ደረት 200፣ 300 ግራም ሰላጣ 60፣ 400 ግራም የተቀቀለ አትክልት 140፣ ፖሙ 95። በድምሩ 640 ነው። እርስዎን የሚያክል ሰው ክብደቱን ለመጠበቅ በቀን ወደ 1,800 ያስፈልገዋል። ማለትም ሲሶውን ነው የሚበሉት። የሚገርመው ፕሮቲንዎ ብዙም አልጎደለም፤ ወደ 58 ግራም ይደርሳል፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም በሚለው ዝቅተኛ መለኪያ ደግሞ የሚያስፈልግዎ 54 ነው። የጠፋው ጉልበት ሰጪው ነው፤ እህል የለም፣ ጥራጥሬ የለም፣ ድንች የለም፣ ጠብታ ዘይት እንኳ የለም። አትክልት ሳህን ይሞላል፣ ዓይንም ይሞላል፤ 100 ግራም ጎመን መሰል ቅጠል ግን 25 ኪሎካሎሪ ቢሰጥ ነው። በዚህ አመጋገብ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የሚከለከለውን ዝርዝር ጠንቅቆ ይይዛል፣ በቦታው ምን እንደሚገባ ግን አያስብም።

የሆድ ድርቀቱም ከዚሁ ይመነጫል። ከዝርዝርዎ የሚገኘው አሰር (ፋይበር) ወደ 18 ግራም ነው፤ ለሴት የሚመከረው 25 ነው። ስቡ ጥቂት ነው፣ የሚያልፈው ምግብ ትንሽ ነው፣ አንጀትን የሚቀሰቅሰው ቡና ቀርቷል፣ ውኃውን ደግሞ ኪኒኑ ይወስደዋል። 3 ኪሎውም ይህን ያህል የሚያስደስት አይደለም። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያጠራቅመው ስታርች መሰል ስኳር ግላይኮጅን ይባላል፤ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። እህል ሲቆረጥ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ፣ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ የሚሆነው እሱ ነው። ዳቦ በቀመሱ ማግስት ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ «አበጥኩ» ብለው እንዳይደነግጡ።

እንግዲህ ሐሳቡ ራሱ ስህተት ነው ወይ? አይደለም። ከፋብሪካ የሚወጣውን እጅግ የተቀነባበረ ምግብ መቀነስ ጠቃሚ መሆኑ በደንብ ተፈትኗል። በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በኬቪን ሆል መሪነት በተሠራ ጥናት 20 ሰዎች ለ2 ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለ2 ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው፤ ያሻቸውን ያህል እንዲበሉም ተፈቀደላቸው። የቀረበው ምግብ በስኳር፣ በስብ፣ በጨውና በአሰር መጠን የተመጣጠነ ነበር። ሆኖም በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ኪሎካሎሪ ያህል ተጨማሪ በሉ፣ ወደ 0.9 ኪሎም ጨመሩ፤ በሌላው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ልብ ይበሉ፦ በጥናቱ እህልም ጥራጥሬም አልተከለከለም፣ ማንም አልተራበም። ጥቅሙ የመጣው ፋብሪካው ከገበታ በመውጣቱ ነው። እርስዎ ግን ከፋብሪካው ጋር ምስሩንም፣ አጃውንም፣ እርጎውንም አባረሩት።

ስለዚህ መልሳችን «አያቁሙ፣ ዝርዝሩን ግን ያሳጥሩት» ነው። ከክልክል የማይወጡት የሚከተሉት ናቸው፦ ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ጭማቂ፣ ከረሜላና ብስኩት፣ ቺፕስ፣ ቋሊማና መሰሎቹ፣ አልኮል። የታሸገ ሁሉ ጠላት አይደለም። በረዶ የሆነ አትክልት፣ ስኳር የሌለው እርጎ፣ የቆርቆሮ ዓሣ፣ የቆርቆሮ ባቄላ ጊዜ የሚቆጥቡ ደህና ምግቦች ናቸው። የቆርቆሮ ጥራጥሬን ውኃውን ደፍተው ቢያለቀልቁት ከጨዉ ከሲሶ በላይ ይታጠባል። ለሌላው መለያዎ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ይሁን፦ ንጥረ ነገሮች የሚዘረዘሩት በክብደት ቅደም ተከተል ስለሆነ ስኳር፣ የግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮስ ወይም ማልቶዴክስትሪን ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ውስጥ ካሉ ይተዉት።

ግሉተንን በተመለከተ ትንሽ ይታገሱ። ዳቦ ሲበሉ ሆድዎ ለዓመታት ከተነፋ የሴሊያክ (ግሉተን ሲበላ ሰውነት የራሱን አንጀት የሚያጠቃበት ሕመም) ምርመራ ያስፈልግዎታል። ይህ የደም ምርመራ በዚህ ሕመም ጊዜ ሰውነት የሚያመነጫቸውን ፀረ እንግዳ አካላት የሚፈልግ ነው፤ ሰው ግሉተን ካቆመ እነሱ እየቀነሱ ይሄዱና ሕመሙ እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ሰዎች ለወራት ዳቦ ትተው ከቆዩ በኋላ ነው ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት፣ የዚያን ጊዜ ለምርመራው ሲባል እንደገና እንዲበሉ ይገደዳሉ። እርስዎ ገና 9 ቀንዎ ነው። ወደ ስንዴ ይመለሱና ለሐኪሙ ስንት ቀን እንዳቋረጡ ይንገሩ፤ እስከ ምርመራው ለ6 ሳምንት ያህል በየቀኑ ከአንድ ገበታ በላይ ላይ ግሉተን እንዲኖር ሊያዝዎ ይችላል። ውጤቱ ነጻ ከሆነም ጥፋተኛው ግሉተን ላይሆን ይችላል። ስንዴ ውስጥ ፍሩክታን የሚባል፣ አንጀት የማይፈጨውና ባክቴሪያ የሚያብላላው ካርቦሃይድሬት አለ። በ2018 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ግሉተን አይስማማንም ያሉ 59 ሰዎችን ሳያውቁ ሁለቱን በየተራ ሰጥቷቸው፣ ሆዳቸውን ይበልጥ የነፋው ፍሩክታን ሆኖ ተገኝቷል። ፍሩክታን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርትም አለ። ዳቦ እየተዉ ሽንኩርቱን እያበዙ «አልተሻለኝም» የሚሉ ሰዎች የሚደናገሩት በዚህ ነው።

አሁን ሳህኑን እንሙላው። ጠዋት 50 ግራም ደረቅ አጃ በ250 ሚሊሊትር ወተት ይቀቅሉ፤ ሙዝና አንድ እፍኝ፣ ማለትም 30 ግራም ያህል፣ ኦቾሎኒ ወይም ለውዝ ይጨምሩበት። ይህ ብቻውን 600 ኪሎካሎሪ ገደማ ነው። ምሳ ያው ሰላጣና ዶሮ ይሁን፤ ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት (120 ኪሎካሎሪ) ያፍሱበት፣ ከጎኑም 180 ግራም የበሰለ ያልተፈተገ ሩዝ ያድርጉ። ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በቅጠሉ ውስጥ ያሉትን ኤ፣ ኢ እና ኬ ቫይታሚኖች አንጀት የሚወስዳቸው ከስብ ጋር ሲገኙ ነው። ማታ ምስር፣ በዘይት የበሰለ ቅጠልና 200 ግራም ድንች። እንቁላሉ ካማረዎት በፈለጉት ገበታ ላይ አንድ ይጨምሩ። ወደ 1,800 ይደርሳል። ክብደት መቀነስ ከፈለጉ ከዚህ ላይ 300 ያህል ይቀንሱ፤ ከሩዙና ከለውዙ ይቀንሱ እንጂ አንዱን ገበታ አይዝለሉ። የቆረጡት ወተት በቀን ከሚያስፈልገው 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም 300 ያህሉን በአንድ ብርጭቆ ይሰጥ ነበር። ወተት ካልተስማማዎት ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር መጠጥ ይሆናል፤ ካልሲየሙ ከሥር ስለሚዘቅጥ ግን ሳይወዘውዙ አይቅዱ።

ምስሩን በአንድ ቀን 200 ግራም አይብሉት። 200 ግራም የበሰለ ምስር 16 ግራም አሰር አለው፤ ለ9 ቀን ያላየውን አንጀት እንደ ኳስ ይነፋዋል፣ እርስዎም «ጥራጥሬ አይስማማኝም» ብለው ይደመድማሉ። በ3 የሾርባ ማንኪያ ይጀምሩ፣ በየ3 እና በየ4 ቀኑ ያንኑ ያህል ይጨምሩ፣ ውኃ አብረው ይጨምሩ። ሽምብራና ቦሎቄ ሌሊቱን ተዘፍዝፈው ይደሩ፣ ውኃው ይደፋ፣ በአዲስ ውኃ ይቀቀሉ። ቀይ ቦሎቄ ላይ ቀልድ የለም፦ ጥሬው ሌክቲን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን ስላለው 4 እና 5 ፍሬ እንኳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊያስመልስ ይችላል። 30 ደቂቃ በሚንፈቀፈቅ ውኃ ከፈላ በኋላ እስኪለሰልስ ይብሰል። በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ከጥሬው አይጀመርም፤ ሙቀቱ ሌክቲኑን አይገድለውም። (በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ስሙ በትክክል የሚገባው «መርዝ» ይህ ነው።)

ሮዝ ጨውዎንም ለጌጥ ያስቀምጡት። ቀለሙን የሚሰጡት ማዕድናት በአንድ ቁንጥር ውስጥ ኢምንት ናቸው፤ በአንጻሩ አዮዲን አልተጨመረበትም። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋል፣ ወተትም ጨውም አንድ ላይ ሲቀየሩ ምንጩ ይደርቃል፣ እንቅርትም የሚመጣው በዚያ ነው። አዮዲን ያለውን ጨው ክዳኑን ዘግተው፣ ከብርሃንና ከእሳት አርቀው ያስቀምጡ፤ ከምድጃው ሊወርድ ሲል ይጨምሩት። የቀኑ ጨው በሙሉ ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ይመረጣል። ፖታሲየም ያለበትን የጨው ምትክ ግን፣ በተለይ ሐኪምዎ መድኃኒቱን ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ወደሚያስቀሩት ወደ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ከቀየረው፣ ሳይጠይቁ አይንኩ።

የትኛው ምግብ እንደማይስማማዎት ማወቅ ከፈለጉ የዚህ አመጋገብ ቁም ነገር ክልከላው ሳይሆን አመላለሱ ነው። አብዛኛው ሰው በ31ኛው ቀን ፒዛ በልቶ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ያበላሸዋል፤ ሆዱ ቢታመም አይቡ ይሁን ሊጡ አያውቅም። ሲመልሱ አንድ ዓይነት ብቻ ይመልሱ፣ በአንድ ቀን ሁለት ሦስቴ ይብሉት፣ ከዚያ ሁለት ቀን ይተዉትና የሚሰማዎትን ከሰዓቱ ጋር ይጻፉ። እንቅልፍ ማጣትና የወር አበባም ሆድ ስለሚነፉ እነሱንም ይመዝግቡ። በአንድ ጊዜ አይፍረዱ፤ ምልክቱ በሁለተኛው ሙከራም ከተደገመ ያኔ ይታመናል። በ250 ሚሊሊትር ወተት ውስጥ 12 ግራም ላክቶስ አለ፤ ከነፋዎት ግማሹን ከምግብ ጋር ይሞክሩ፣ ከዚያም እርጎና ጠንካራ አይብ። ብዙዎች እነዚህን ይችላሉ። ቀድሞ ከንፈር ያሳበጠ፣ ትንፋሽ ያሳጠረ ምግብ ግን በቤት ውስጥ አይሞከርም።

የሚዛኑን ነገር በሳምንት አንድ ቀን ይወስኑት። ግፊትዎን ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ይመዝግቡ። የኮሌስትሮል ምርመራ አሁንና ከ3 ወር በኋላ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ በኮኮናት ዘይትና በቅቤ የሚጠበስበት ቤት ውስጥ ጎጂው ኮሌስትሮል ሳይታወቅ ይወጣል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ «ከ1ኛው ቀን ልጀምር ወይ» የሚል ነበር። የአመጋገቡ ደንብ እንጂ ሰውነት እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም። አንድ ቁራሽ ኬክ ያለፈውን 8 ቀን አይሰርዘውም፤ የበሉት አትክልትም፣ ያልጠጡት ለስላሳም አልተመለሰም። ቀን መቁጠር የሚጠቅመው ከላይ ባልነው ሙከራ መሀል ላይ ብቻ ነው፦ ወተት እየሞከሩ ሳለ ኬክ ከበሉ የወተቱን 3 ቀን ይድገሙ፣ ሌላው ባለበት ይቀጥላል። ዛሬ ማታ ግን የሚሞከርም የሚቆጠርም የለም፤ ድንቹን ይቀቅሉ፣ ዘይቱን ያፍሱበት፣ ከመተኛትዎ በፊትም ወደ ጓደኛዎ ደውለው ስኳሯ ስንት እንደሆነ ይጠይቋት።